ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከመፍታታችን በፊት እናንብበው

ረዘም ይላል፤ ካምፓስ ያላችሁ፣ በተለይ ኢንጂነሪንግና ማትስ የምትማሩ ልጆች ግን ታግሳችሁ ጨርሱት። ልጅ ካምፓስ የላካችሁ ወላጆችም አንብቡት፤ ቁጥሩን ብትዘሉት እንኳ ነገሩ ይገባችኋል።

ሀሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን መግቢያ ኮርስ ላይ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው ሒሳቡ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት አይመስለኝም። ምን እንደሚል ያላነበበውን ነገር "ፍታ" ስለሚባል ነው። ማንበብ ሳያስተምሩ መፍታት ማስተማር ደግሞ ፊደል ሳያስቆጥሩ ደብዳቤ አስጽፎ እንደማረም ነው።

አንተ ማን ነህ ለምትሉኝ፦ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ዲግሪዬን በክረምት ፕሮግራም እየተማርኩ ነው፤ ይህንንም ኮርስ እዚያው ወስጃለሁ። "በዲፕሎማ ስለ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ አስተያየት ይሰጣል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔ ግን ነገሩን ከሁለቱም በኩል አየዋለሁ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ወደ ካምፓስ የሚሄዱትን ልጆች አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እነሱ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ሁለተኛ ዓመት ሲደርሱ ይደውሉልኛል፤ "ቲቸር፣ አፕላይድ ስሪ ሊበላኝ ነው" ይሉኛል። ምን ተማራችሁ ስላቸው ሴፓረብል፣ ሆሞጂኒየስ፣ ኤግዛክት፣ ኢንተግሬቲንግ ፋክተር፣ ቤርኑሊ ብለው ስሞቹን እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። "እሺ፣ ኢኩዌሽኑ ራሱ ምንድነው የሚለው?" ስላቸው ግን ስልኩ ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላው በሬ ሸጦ ልጁን የላከ ገበሬ አለ፤ ኤፍ አይቶ ዲፓርትመንት የቀየረ፣ ከዚያም አልፎ ሻንጣውን ይዞ የተመለሰ ልጅ አለ። ያለፈውም ቢሆን ብዙው ቸክሎ ነው ያለፈው። ፋይናል በወጣ ማግስት ይረሳዋል።

እስቲ አብረን እናንብብ። ፌስቡክ ላይ ቀመር መጻፍ አይመችም፤ እኔም ሆን ብዬ አልጽፍም። ሁሉንም በአማርኛ ነው የምለው፤ ክርክሬም እሱ ነው፦ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን በአማርኛ ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው።

ተራ ኢኩዌሽን የጠፋ ቁጥር ያስፈልገናል። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚያስፈልገን ደግሞ አንድ ነገር ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሄደ ሙሉ ታሪኩን ነው፤ በእጃችን ያለው ፍንጭ የለውጡ ሕግ ብቻ ነው። ቡናን እንውሰድ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ "ቡናው የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት፣ ቡናው ከክፍሉ አየር ከሚበልጥበት ሙቀት ጋር ተመጣጣኝ ነው።" አለቀ። የኒውተን የማቀዝቀዝ ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። እናቶቻችን ያለ ኒውተን ያውቁታል፦ ትኩስ ቡና መጀመሪያ ቶሎ ይበርዳል፣ ለብ ካለ በኋላ ግን ይንቀረፈፋል።

በቁጥር እንየው። ክፍሉ 25 ዲግሪ፣ ቡናው 85 ዲግሪ ይሁን፤ ልዩነቱ 60 ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቡናው 65 ደረሰ እንበል፤ ልዩነቱ 40 ሆነ። 10ኛው ደቂቃ ላይስ? "20 ወርዷል፣ ሌላ 20 ይወርዳል፣ 45 ነው" የሚል ሕጉን አላነበበም። ሕጉ የሚለው ልዩነቱ በየ5 ደቂቃው በእኩል ድርሻ ይቀንሳል ነው። ከ60 ወደ 40 ማለት ሁለት ሦስተኛው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከ40 ደግሞ 26.7 ይቀራል፤ ቡናው 51.7 ዲግሪ ነው። 15ኛው ደቂቃ ላይ ልዩነቱ 17.8፣ ቡናው 42.8። ልብ በሉ፣ እስካሁን ኢንተግሬት አላደረግንም። የተጠቀምነው ጂኦሜትሪክ ሲኩዌንስ ነው፤ ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያውቁታል። ካምፓስ ሲገቡ "ኤክስፖኔንሻል ሶሉሽን" ተብሎ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው የሚጠፋባቸው።

እዚሁ ላይ ስለ "ፕላስ ሲ" ልናገር። ተማሪ ኢንተግሬት ካደረገ በኋላ ሲን የሚጽፋት ከጸሎት በኋላ አሜን እንደሚባለው ነው፤ ካልጻፋት ማርክ ይቆረጥበታል። ለምን መጣች? ሕጉ የሚናገረው ቡናው እንዴት እንደሚበርድ ነው፤ ከስንት ዲግሪ እንደጀመረ አይናገርም። ከ85 የጀመረውም ከ70 የጀመረውም ያንኑ ሕግ ይከተላሉ። "ከየት ጀመረ?" ለሚለው ጥያቄ የተተወች ባዶ ቦታ ናት ሲ። ኢኒሻል ኮንዲሽን የሚባለው ያንን ባዶ ቦታ ይሞላል። ይህን በሁለት ደቂቃ የተነገረው ተማሪ ሲን መቼም አይረሳትም።

ሁለተኛ ምሳሌ፣ ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ እንውሰድ። አሁን ወደ ኋላ ነው የምንሄደው፤ ከዓረፍተ ነገር ወደ ኢኩዌሽን። "ያለው አረም በበዛ ቁጥር አዲስ የሚበቅለው ይበዛል፤ ባዶው ቦታ እያለቀ በሄደ ቁጥር ግን እድገቱ ይቀንሳል።" ሁለት ሐረግ አለው፤ ኢኩዌሽኑም የሁለት ነገሮች ብዜት ይሆናል፦ ያለው አረም እና የቀረው ቦታ። ቤልጂጋዊው ፌርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ስለ ሕዝብ ብዛት ያቀረበው ሎጂስቲክ ኢኩዌሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ሳንፈታው ምን ያህል እንደሚነግረን እዩ። ለውጡ ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው? አንድም አረሙ ጭራሽ ሳይኖር፣ አንድም ቦታው ሁሉ ሲሞላ። በመሃል ያለው ሁሉ ያድጋል፤ በጣም የሚፈጥነውም ቦታው ግማሽ ሲሞላ ነው። አሁን ዋናው ጥያቄ፦ በዘመቻ ወጥተን ነቅለን ነቅለን ትንሽ ብናስቀርስ? ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ወደ ዜሮ አይመለስም፣ ይሸሻል። አንስቴብል ኢኩሊብሪየም ይሉታል፤ የአገር ቤት ትርጉሙ "ካልጨረስከው ይመለሳል" ነው። ሐይቁ በእርግጥ ከዚህ ሞዴል የበለጠ ውስብስብ ነው፤ ንፋስም ወንዝም ማዳበሪያም አለበት። ግን ይህን ያህሉን ያነበበ ተማሪ ፓርሻል ፍራክሽን ሠርቶ ከጨረሰው ተማሪ ይልቅ ስለ አረሙ የሚናገረው ነገር አለው።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ደስ የሚለው ነው። ሮቶ ሞልቶ ሳለ ከሥር ቧንቧው ተከፍቶ ቀረ። ቶሪቼሊ የተባለው ጣሊያናዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባገኘው ሕግ መሠረት፣ የውሃው ከፍታ የሚወርድበት ፍጥነት ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከዚህ ተነስተን ብንሠራ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሮቶ ለመራገፍ 4 ሰዓት ከፈጀበት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ብቻ ሦስት አራተኛው ውሃ ይወጣል። የቀረችው ሩብ ሌላ 2 ሰዓት ትፈጃለች።

አሁን ከሥራ ስትመለስ ሮቶው ባዶ ሆኖ ብታገኘው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀ ማወቅ ትችላለህ? አትችልም። ከአንድ ሰዓት በፊት አልቆም ይሆናል፣ ከጠዋት ጀምሮም ባዶ ይሆናል። ያ ሁሉ የተለያየ ታሪክ አሁን አንድ ባዶ ሮቶ ላይ ተገናኝቷል። ቡናው ግን እንዲህ አይደለም፤ የአሁኑን ሙቀት ካወቅህ ሕጉን ይዘህ ወደ ኋላ መሄድ ትችላለህ። ኤግዚስተንስ ኤንድ ዩኒክነስ ቲዎረም የሚባለው፣ ተማሪ ሁሉ ከሃንድአውት ገልብጦ ለፈተና የሚሸመድደው፣ የሚያወራው ስለዚህ ነው። ከአንድ መነሻ አንድ ታሪክ ብቻ የሚወጣው መቼ ነው? መቼስ ነው ዋስትናው የሚጠፋው? የስኩዌር ሩት ግራፍ ዜሮ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ የቲዎረሙ ቅድመ ሁኔታ እዚያች ነጥብ ላይ አይሟላም። እንዲህ ሲባል ያልገባው ተማሪ በባዶ ሮቶ ሲነገረው ይገባዋል፤ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰን ሰዎች ለዚህ ምሳሌ ባዕድ አይደለንም።

አራተኛውን በአጭሩ። ሾኩ ያለቀ ሚኒባስ ጉብታ ሲዘል ደጋግሞ ይወዛወዛል፤ ሾኩ ደህና የሆነው አንዴ ተነስቶ ይረጋል። የሁለተኛ ኦርደር ኢኩዌሽን ሦስቱ ኬዞች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሞላው ወደ ቦታው ይጎትታል፣ ሾኩ እንቅስቃሴውን ይይዛል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ደግሞ የኳድራቲክ ኢኩዌሽን ዲስክሪሚናንት ነው፤ ልጆቹ ከእኛ ዘንድ ይዘውት የሄዱት ያው ዲስክሪሚናንት! ኔጌቲቭ ሲሆን "ሪል ሶሉሽን የለውም" ብለን የምናልፈው ነገር እዚህ ሲደርስ የሚወዛወዘው ሚኒባስ ይሆናል። ፖዘቲቭ ሲሆን ሳይወዛወዝ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ዜሮ ሲሆን ድንበሩ ላይ ነው። ሦስት ኬዝ መሸምደድ አያስፈልግም፤ አንድ ሚኒባስ ማሰብ ይበቃል።

"ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ፈተና ላይ የሚመጣው ፍታ የሚል ነው" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ለእሱም መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኖች በተማርናቸው ዘዴዎች አይፈቱም። በጣም ቀላል የሚመስል ልስጣችሁ፦ የዋይ ለውጥ የኤክስ ስኩዌርና የዋይ ስኩዌር ድምር ነው። ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። ፈረንሳዊው ሊውቪል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳረጋገጠው፣ ይህን በምናውቃቸው መሠረታዊ ፋንክሽኖችና ኢንተግራሎቻቸው መፍታት አይቻልም። ጉብዝና ስላነሰን አይደለም፤ በዚያ መንገድ የሚጻፍ መልስ የለውም። ታዲያ እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል? ሕጉን ደረጃ በደረጃ መከተል ነው፤ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1768 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ዘዴ።

ወደ ቡናው እንመለስና እንሞክረው። ልዩነቱ የሚቀንስበት ፍጥነት በደቂቃ የራሱ 8 በመቶ ነው እንበል። አሁን 60 ስለሆነ በደቂቃ 4.8 ዲግሪ እየወረደ ነው። ለአንድ ደቂቃ በዚሁ ይሂድ ብንል 55.2 ይደርሳል። እዚያ ቆም ብለን ፍጥነቱን እንደገና እናስላ፣ ሌላ ደቂቃ እንሂድ፦ 50.8፣ ከዚያ 46.7፣ 43.0፣ 39.5። በትክክለኛው ፎርሙላ 5ኛው ደቂቃ ላይ ያለው 40.2 ነው። እርምጃችንን ግማሽ ደቂቃ ብናደርገው 39.9 ይመጣል። በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ነገር ነው። ኮምፒውተር የሚሠራውም በመሠረቱ ይህንኑ አሻሽሎ ነው። ሕጉን ያነበበ ሰው ፎርሙላ ባይኖርም መንገድ አያጣም። ዘዴ ብቻ የሸመደደ ግን ዘዴው ያለቀበት ቦታ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ መፍታቱን አሁን ማሽን ይሠራዋል። ዎልፍራም አልፋ ላይ ኢኩዌሽኑን ብትጽፉለት በሰከንድ ይመልስላችኋል። ኢንጂነር የሚያስፈልገው "ይህ ግድብ፣ ይህ መድኃኒት፣ ይህ ሞተር እንዴት ይለወጣል?" ለሚለው ኢኩዌሽኑን ለመጻፍና የመጣው መልስ ትርጉም እንዳለው ለማየት ነው። የቡናው ሙቀት ከክፍሉ በታች ወርዶ መልስ ቢመጣ "እንዴ!" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ "እንዴ!" ደግሞ በመቸከል አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ይህ የእኔ የዲፕሎማው ሰውዬ ፈጠራ አይደለም። ቦይስና ዲፕሪማ የጻፉት ታዋቂው መጽሐፍ የሚጀምረው በሞዴሎችና በዳይሬክሽን ፊልድ ነው፤ ማለትም በየነጥቡ "ከዚህ ወዴት ይሄዳል?" የሚያሳዩ ትናንሽ መስመሮችን በመሣል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ክሬይዚግም ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህንኑ ያስቀምጣል። እኔ ያየኋቸው ሃንድአውቶች ግን እነዚህን ገጾች ዘለው በቀጥታ ሴፓረብል ይገባሉ። ሒሳበኛው ጂያን ካርሎ ሮታም፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኮርሱን ያስተማረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የመግቢያ መጻሕፍቱ በማይጠቅሙ ብልሃቶች መታጨቃቸውን ክፉኛ ተችቷል። እዚያም ያለ ችግር ነው ማለት ነው። ልዩነቱ የእኛ ልጅ ኮርሱን የሚማረው አፉን ባልፈታበት ቋንቋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ሲዘለል እሱ ላይ እጥፍ ይከብዳል። "ሆሞጂኒየስ" የሚለው ቃል በዚህ ኮርስ ውስጥ ሁለት የተለያየ ትርጉም እንዳለው እንኳ የሚነግረው ሳያገኝ ኮርሱን የሚጨርስ ስንቱ ነው?

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ ነው፣ ሴሚስተሩ አጭር ነው፣ እንደየግቢው ቢለያይም ያው አንድ ኮርስ ላፕላስንም ቬክተር ካልኩለስንም ኮምፕሌክስንም ተሸክሟል። ችግሩም የካምፓስ በር ላይ አይጀምርም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። ልጁ የኤክስ ኪዩብን ዴሪቬቲቭ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግርሃል። "ኤክስ 1 ሲሆን መልሱ 3 ነው፤ ይህ 3 የምን 3 ነው?" ስትለው ግን ዝም ነው። ዴሪቬቲቭ ፍጥነት መሆኑን ያልያዘ ልጅ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን በየትኛው ዓይኑ ያንብበው?

ስለዚህ የምለው ይኸው ነው። ዘዴ አይቅር፤ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። የመጀመሪያው ሳምንት ለማንበብ ይሁን፤ ማንኛውም ኢኩዌሽን ከመፈታቱ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማልኛም። ቀጥሎ በካሬ ወረቀት ላይ መስመሮቹ ይሣሉ። ከዚያ ይፈታ። ከተፈታ በኋላ ደግሞ መልሱ ተመልሶ ኢኩዌሽኑ ውስጥ ይግባና ይሞከር፤ በዚህ ኮርስ ተማሪ ማንንም ሳይጠይቅ ልክ መሆኑን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል፤ ይህን ዕድል የሚጠቀምበት ግን ጥቂቱ ነው። እና እባካችሁ የካምፓስ መምህራን፣ ሚድ ላይ አንዲት ጥያቄ፣ አንዲት ብቻ፣ "ይህ ኢኩዌሽን ምን ይላል?" የምትል ጨምሩ። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር እንደማይጠና እናንተም እኔም እናውቃለን።

ካምፓስ ላላችሁ ልጆች፦ ሲስተሙ እስኪስተካከል አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ዎርክሺታችሁን አውጡና አንዱንም ሳትፈቱ አሥሩን ብቻ አንብቡ። ምን ይለወጣል? በምን ምክንያት? መቼ ይቆማል? ማንበብ ያቃታችሁን ምልክት አድርጉበት፤ ድክመታችሁ ያለው እዚያ ነው።

ለመጀመሪያ ያህል ይችን ውሰዱ፦ "የባንክ ዕዳዬ በወለዱ መጠን ከራሱ ጋር ተመጣጥኖ ያድጋል፤ እኔ ደግሞ በየወሩ እኩል ብር እቀንስለታለሁ።" ኢኩዌሽኑን ጻፉ። ከዚያ ሳትፈቱ ንገሩኝ፦ ዕዳው በፍጹም የማያልቀው ክፍያዬ ስንት ሲሆን ነው? ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ። የማትስማሙም ጻፉ፣ እንከራከር።